የሆሳዕናን ቀን የሚያወጡ ብቸኛ ቁጥሮች

የሀዲያ ዞን መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ ዛሬም በዚያ ይጠራል። የአሁኑን ስም ያወጡላት ራስ አባተ ቧያለው እንደሆኑ ይነገራል፤ ሰዉም ከሆሳዕና በዓል ጋር ያያይዘዋል። በዓሉ ግን አንድ ቀን ላይ አይረጋም፤ አንዳንዴ በመጋቢት፣ አንዳንዴ በሚያዝያ ይውላል። ቀኑን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው።

የ2017 ዓ.ም. እንዲህ ተሰላ። 5500 ሲደመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ሆነ፤ በ19 ሲካፈል 12 ተረፈ፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ወጣ። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33፣ በ30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ 62 ቀን ተቆጥሮ ሆሳዕና ሚያዝያ 5 ሆነ።

ትውፊቱ ስሌቱን ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። እሳቸው የያዙት 23 ሱባኤና 7 ሱባኤ ነው። 23 በ7 ተባዝቶ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ 7 በ7 ተባዝቶ 49፣ ሲገደፍ 19።

7፣ 11፣ 19፣ 23፦ አራቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለማንም የማይካፈሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። 11 ከሰማይ የመጣ ነው፤ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሆኖ ከፀሐይ ዓመት በ11 ያንሳልና። የብቸኝነታቸው ምክንያት ግን የወሩ 30 ቀን ነው። ከ30 በታች ሆነው ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች፣ 1ን ትተን፣ ሁሉም ብቸኛ ናቸው፤ ከ30 የሚበልጥ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ቁጥር ፈጽሞ የለም። አብዢው 11 መሆኑ ቀርቶ 10 ቢሆን ኖሮ አበቅቴው ከ0፣ ከ10 እና ከ20 አያልፍም ነበር። በ11 ግን 19ኙ ወንበሮች 19 የተለያዩ አበቅቴዎች ያገኛሉ።

19 ሌላም ሥራ አለው፤ የጨረቃው ዑደት ርዝመት በዓመት ነው። የዕለታትና የወንጌላውያን ዑደት 28 ዓመት ነው፤ 19 ብቸኛ ስለሆነና 28ን ስለማያካፍል ሁለቱ እኩል የሚገጥሙት በ532 ዓመት ነው። የጨረቃው ዑደት 20 ቢሆን በ140 ዓመት ይገጥሙ ነበር። ስለዚህ የ2017 መላ ቀመር ከነዕለቱ ከነወንጌላዊው የሚመለሰው በ2549 ዓ.ም. ነው።

በዚያው 2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር መገኘቱ ተነገረ፤ 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ፣ 41,024,320 አኃዝ ያለው ነው። እርሱን ለማግኘት በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ኮምፒውተሮች አስፈልገዋል። ሆሳዕናን ለሚያሰላው መሪጌታ ግን ጣቱ ይበቃዋል።

የሆሳዕና የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ፋሲካን የሚያከብሩት በዚሁ ቀመር በወጣ ቀን ነው።