የደፊ የደም ምልክትና የኬሞካይን ታሪክ፤ በኢትዮጵያ ወባ ዓይን ሲታይ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለት በየፊናቸው የተጀመሩ ምርምሮች እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ግንኙነታቸውም ለአገራችን ምን እንደሚጠቅም መመርመር ነው። ሁሉም ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በቂሊንጦ ተቀምጦ ስለ ወባ መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ስፍራው ወይና ደጋ ነውና። ይሁን እንጂ የአቃቂ ውሃ ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ወደ ቆላው ይወርዳል። በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ደጋማ ስፍራዎችንም አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ስለዚህ ደገኛውም ከነገሩ ውጪ አይደለም።

የመጀመሪያው ምርምር የደም ዓይነት ጥናት ነው። በ1950 የተገለጸው ምልክት በአንድ ታካሚ ስም «ደፊ» ተባለ። በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ይህ ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ወባ እንደማይያዙ ገለጹ። ጥገኛው ወደ ሴሉ የሚገባው በዚሁ በር ነው ተባለ።

ሁለተኛው ምርምር የነጭ የደም ሴሎች ጒዞ ነው። ሴሎቹ መንገዳቸውን የሚያገኙት ኬሞካይን በሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ነው። ለምሳሌ ገና ጠላቱን ያላየ ቲ ሴል «ሲሲአር7» በሚባል ተቀባይ እየተመራ ወደ ንፍፊት ይገባል፤ በዚያም ጥገኛውን የሚያስተዋውቁትን ሴሎች ያገኛል። ከነቃ በኋላ ተቀባዮቹን ለውጦ ወደ ቆሰለው ስፍራ ይሄዳል። መሪው ከተሳሳተ፣ ቲ ሴሉ ኀይል ቢኖረውም ጦርነቱ ወዳለበት አይደርስም።

በ1993 ሪቻርድ ሆሩክና ባልደረቦቹ ሁለቱን አገናኙ፤ ደፊ ራሱ ኬሞካይንን የሚይዝ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። በቀይ ሴል ላይ ሆኖ በደም ውስጥ የተረፈውን ኬሞካይን ይሰበስባል። በ1995 ደግሞ ምልክቱ ከቀይ ሴል ላይ ብቻ የሚጠፋው በአንዲት የዘር ፊደል ለውጥ መሆኑ ታወቀ፤ በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ግን ይኖራል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ምስክር ናት። በአንድ መንደር ደፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ጋር አብሮ ይገኛል። በ2010 ከማዳጋስካር፣ በ2013 ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ደፊ በሌላቸው ሰዎችም ቫይቫክስ መገኘቱን አሳዩ። የ1976ቱ ደንብ እንግዲህ ፍጹም አልነበረም።

ሌላም ጒዳይ አለ። በ2009 የወጣ ጥናት ደፊ የሌላቸው ሰዎች በተፈጥሮ አነስተኛ የኒውትሮፊል ቊጥር እንዳላቸው አስረዳ። በሌላ ሕዝብ ደም ላይ በተሠራ መለኪያ ቢመዘኑ፣ ጤነኛው ሰው ሕመምተኛ ተብሎ ሊቈጠር፣ አስፈላጊ መድኃኒትም ሊቀነስበት ይችላል።

ከዚህ የምንማረው የውጭውን ዕውቀት መናቅን አይደለም፤ በገዛ አገራችን ደም መርምረን ማረምን ነው። በ2011 በቂሊንጦ የተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና መሰሎቹ ሊሸከሙት የሚገባ ሥራ ይህ ይመስለናል።