የስካርቦሮ ቱና፤ በሰሜን ባሕር በትንሽ ጀልባ ስለ ተደረገው የዓሣ አደን

በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ጠረፍ ያለችው የስካርቦሮ ከተማ ከጥንት ጀምራ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ናት፤ ቈይቶም ባለጸጎች ለዕረፍትና ስለ ፈዋሽ ምንጭዋ የሚመጡባት ስፍራ ሆነች። እነዚህ ሁለት ወገኖች፣ ይኸውም ባሕሩን ለእንጀራው የሚያርሰውና ባሕሩን ለመዝናኛ የሚመለከተው፣ በአንድ ጀልባ ተቀምጠው በአንድ ሥራ በጉልህ የተገናኙት ከ1930 እስከ 1954 ባለው ጊዜ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ያገናኛቸውም ቱና የሚባለው ታላቅ ዓሣ ነው።

በቈርቆሮ ታሽጎ ወደየአገሩ የሚላከው ቱና አብዛኛውን ጊዜ ከትናንሾቹ ዝርያዎች የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ስለ ታላቁ ዝርያ መጠን ምንም ግምት አይሰጥም። ታላቁ ቱና ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የጡንቻውንም ሙቀት ከባሕሩ ውሃ በላይ አድርጎ ለመጠበቅ በመቻሉ ከአብዛኞቹ ዓሦች ይለያል። ስለዚህ በሜዲቴራኒያን ሙቅ ውሃ ከተራባ በኋላ የሰሜኑን ቅዝቃዜ ሳይፈራ ምግቡን ተከትሎ ይወጣል። በዮርክሺር ፊት ለፊት ምግቡ ሄሪንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነበረ። ሄሪንግ በነሐሴና በመስከረም በዚያ ጠረፍ በብዙ መንጋ ይሰበሰብ ስለ ነበረ፣ የቱናም ወራት የእንግሊዞች ሙቀት አልፎ መፀው የሚገባበት ጊዜ ሆነ።

የሄሪንግ አጥማጆች መረባቸውን ማታ እንደ መጋረጃ በባሕር ውስጥ ዘርግተው፣ ሌሊቱን ከውሃው ጋራ እየተንሳፈፉ ያድሩና ሲነጋ ይስባሉ። መረቡ ሲሳብ የሚያመልጠውን ሄሪንግ ለመልቀም ቱናዎች በመርከቡ ዙሪያ ይከማቹ ነበር። ለአጥማጁ ግን ይህ እንግዳ መረብ የሚቀድ ባለጋራ እንጂ ሀብት አልነበረም፤ በእንግሊዝ ገበያ ሥጋው እምብዛም ፈላጊ አልነበረውምና።

ይህን ባለጋራ የስፖርት አደን ያደረገው ሎሬንዞ ሚቸል-ሄንሪ ነው። በነሐሴ 1930 በዘንግና በመንጠቆ 560 ፓውንድ (254 ኪሎ) የሚመዝን ቱና ያዘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ የመዝናኛ መርከብ ያላቸው ሰዎች ወደ ስካርቦሮ ጐረፉ። በዚያን ጊዜ ለዓለም መመዘኛ ሆኖ ይጠቀስ የነበረው፣ የላሞች ጠባቂዎችን ሕይወት በልብ ወለድ በመጻፍ የታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ ዜን ግሬይ በ1924 በኖቫ ስኮሻ የያዘው የ758 ፓውንድ ቱና ነበር። በ1932 ኮሎኔል ፒል በ798 ፓውንድ በለጠው፤ በ1933 ደግሞ ሚቸል-ሄንሪ 851 ፓውንድ (386 ኪሎ) የሚመዝን አወጣ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የቱና ማኅበር በስካርቦሮ ተቋቋመ።

አደኑ የሚካሄድበት መንገድ ሰፋ ያለ ማስረዳት ያስፈልገዋል። ባለጸጋው እስከ ሄሪንግ መርከቦቹ ድረስ የሚሄደው በትልቅ መርከብ ሲሆን፣ በስተኋላው በመቅዘፊያ የምትነዳ ትንሽ ጀልባ ይጐትታል። መርከቦቹ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ቀዛፊ ወይም ከሁለት ጋራ ወደ ጀልባዋ ይወርዳል፤ ከአጥማጆቹ ሄሪንግ ተቀብሎ ከፊሉን ወደ ባሕር እየበተነ፣ አንዱን በመንጠቆ ይሰካል። ቱናው መንጠቆውን የዋጠ እንደ ሆነ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ጀልባዋንም ከነሰዎቿ ይዟት ይሄዳል። የጀልባዋ ትንሽነት ለጀብዱ ብቻ የተመረጠ አይደለም። ትልቅ መርከብ ለዓሣው ስበት ስለማይታዘዝ ገመዱ ሊበጠስ ይችላል፤ ትንሿ ጀልባ ግን ስበቱን ተከትላ ስለምትሄድ ገመዱን ታድናለች፤ ክብደቷም እንደ ልጓም ሆኖ ዓሣውን ያደክመዋል። ትግሉ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር፤ በመጨረሻው ደቂቃ ገመዱ ተበጥሶ ባዶ እጅ መመለስም የተለመደ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የጀልባዋን አፍ ዓሣው ወደሚሸሽበት የሚያዞረው ቀዛፊው ነው። የእርሱ ስሕተት ለጀልባዋ መገልበጥ ሊሆን ይችላል። በመዝገብ የሚጻፈው ግን የዘንግ ያዡ ስም ብቻ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊም የቀዛፊዎቹን ድርሻ የሚያገኘው ከፎቶግራፎች ዳር ከቆሙት ፊቶች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሄሪንግ ንግድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሩሲያና የጀርመን ገበያ ስለ ቀነሰበት ተዳክሞ ነበርና፣ ለጠረፉ ሰዎች የጀልባ ኪራይና የቀዛፊ ደመወዝ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለ መዝገቡ ክብር የተነሣው ክርክር የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በ1949 ጆን ሄድሊ ሉዊስ የተባለ ሰው 852 ፓውንድ የሚመዝን ቱና ያዘ፤ ከቀድሞው በአንዲት ፓውንድ ብቻ በለጠ ማለት ነው። ሚቸል-ሄንሪ ግን ዓሣው የተሰቀለበት ገመድ ርሶ ስለ ነበረ ክብደት ጨምሯል ሲል ተቃወመ። ዛሬም የብሪታንያ መዝገብ ሆኖ የሚጠቀሰው የ1933ቱ 851 ፓውንድ ነው። ባሕር ውስጥ የዋለ ነገር መርጠቡን እንደ ክስ ማቅረብ ለሌላ ሰው የሚያስቅ ቢሆንም፣ ለባለ ዘንጎቹ ግን ከባድ ጕዳይ ነበረ።

በ1939 የተነሣው ጦርነት አደኑን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ ቢቀጥልም ብዙ አልቈየም፤ በ1954 ከተያዘው ወዲያ በዚያ ጠረፍ ቱና መያዙ ቀረ። ጥፋቱን በባለ ዘንጎቹ ላይ መጣል ትክክል አይመስልም፤ በዘንግ የሚያዘው በየዓመቱ ጥቂት ነበርና። ይልቅስ ኖርዌያውያን በታላላቅ ክብ መረብ በየዓመቱ ቱናን በብዙ ሺሕ ቶን ያወጡ ነበር፤ የእነርሱም ምርት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድንገት ወደቀ። ሄሪንጉም ከልክ በላይ ስለ ተጠመደ በ1977 በሰሜን ባሕር ማጥመዱ ተከለከለ፤ እገዳው የተነሣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለ ዘንጉ ብቻውን ከዓሣው ጋራ እታገላለሁ ቢልም፣ ስፖርቱ የተመሠረተው በአጥማጁ መረብና በሄሪንጉ መንጋ ላይ ስለ ነበረ፣ እነዚህ ሲጐድሉ እርሱም አብሮ ጐደለ።

ከ2010ዎቹ ወዲህ ታላቁ ቱና በተለይ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ እንደ ገና በብዛት ታየ። በ2021 ለምርምር ምልክት እየተደረገበት እንዲለቀቅ ተጀመረ፤ በ2024 ደግሞ ለመዝናኛ አጥማጆች ፈቃድ ተሰጠ። በዚህ ፈቃድ የሚያዘው ዓሣ በሕይወት ወደ ባሕሩ መመለስ ስላለበት፣ ከሚዛን አይሰቀልም።