2,147,483,647፦ የኮምፒውተር ሰዓት ገደብ የሆነው ቁጥር

አሥር አሃዝ ስላለው ሲያዩት ስልክ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ከ250 ዓመት በፊት የሒሳብ ሊቃውንትን ያለፋ፣ ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን የሚያሳስብ ቁጥር ነው።

🔹 እንዴት ይገኛል?
31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙ (2×2×2…)፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። በቃ!

🔹 ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው?
ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን በእጅ ለማረጋገጥ እስከ 46,340 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል፤ እነሱም ከ4 ሺህ በላይ ናቸው። ሊዮናርድ ኦይለር ግን አቋራጭ አገኘ፦ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው መሆን አለበት። በዚህም የሚሞከሩት ከ400 በታች ሆኑ። አንዱም አላካፈለውም። ኦይለር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1772 ሲያሳውቅ የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ቁጥሩን በ1,073,741,824 ስናባዛው ደግሞ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይገኛል። ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ነው፤ ለምሳሌ 6 = 1+2+3። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አይፈልግም፣ ነገሩ ለጉጉት እንጂ ለጥቅም አይደለም ብሎ ጽፎ ነበር። ተሳስቷል።

🔹 ታዲያ እኛን ምን አገባን?
ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ቁጥር የሚይዙት በ32 ቢት ነው። አንዷ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ትሄዳለች፤ በቀሩት 31 ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ይኸው የኦይለር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተባለው ዘፈን ተመልካቹ ከዚህ ቁጥር ሲያልፍ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታውቋል።

ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። እነዚህ ሲስተሞች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠሩ ነው። ቆጠራው 2,147,483,647 የሚደርሰው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም፣ የጥምቀት ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ መሆኑ ነው! ከዚያ በኋላ ባለችው አንዲት ሰከንድ ያልተስተካከለ ማሽን ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥበትና ቀኑን 1894 ዓ.ም፣ የአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል።

🔹 መፍትሔው
ጊዜን በ64 ቢት መያዝ ነው። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ይህን አድርገዋል። ሥጋቱ ያለው አንዴ ተተክለው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የቆዩ መቆጣጠሪያ ማሽኖችና ሶፍትዌሮች ላይ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለው ከአሁኑ ባለሙያ አሳዩ። ታቦት በሚሸኝበት ጠዋት ሰርቨር ጥገና የሚጠራ እንዳይኖር!