የአልጋ ሒሳብና የነርስ ደመወዝ፦ የተሃድሶ ነርስነት ታሪክ በአሜሪካ

የተሃድሶ ሕክምና ነርስ የሚባለው፣ በስትሮክ፣ በህብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም በእግር መቆረጥ አቅሙን ያጣ ሰው ዳግም ራሱን ችሎ እንዲበላ፣ እንዲለብስና እንዲንቀሳቀስ የሚያለማምድ፣ የመኝታ ቁስል እንዳያገኘውም የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ይህ ሙያ በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ራሱን የቻለ መስክ ቢሆንም፣ ደመወዙን በዋናነት የወሰኑት ለሕመምተኛው አልጋ የሚከፍለው ወገን ማንነትና ሕጉ ለነርሶች የፈቀደው የመደራደር መብት ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አብዛኞቹ የሠለጠኑ ነርሶች በየቤቱ እየተቀጠሩ ከሕመምተኛው ቤተሰብ ክፍያ የሚቀበሉ ነበሩ፤ የሆስፒታሉን ሥራ ደግሞ በአመዛኙ ለምግብ፣ ለመኝታና ለጥቂት የኪስ ገንዘብ የሚያገለግሉ ተማሪዎች ይሸፍኑት ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ቁስለኛ ሲያስከትል፣ በአየር ኃይሉ ውስጥ የማገገሚያ መርሐ ግብር የመሠረተው ሐኪም ሃዋርድ ረስክ ሥራውን ከጦርነቱ በኋላ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቀጠለ፤ አሊስ ሞሪሲም እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ተሃድሶ ነርስነት የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመች። ሊበርቲ ሚውችዋል የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በበኩሉ በ1943 በቦስተን የተሃድሶ ማዕከል የከፈተው፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ቶሎ ወደ ሥራው ቢመለስ ኩባንያው የሚከፍለው ካሣ ስለሚቀንስ ነበር፤ በዚህም ነርሷ ከሆስፒታል ውጭ ሌላ ቀጣሪ አገኘች።

የሙያው ዕውቀት እንዲህ ሲያድግ የመደራደር መብቱ ግን አብሮ አላደገም። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር በ1946 በክፍለ ግዛት ቅርንጫፎቹ አማካይነት የኅብረት ድርድርን፣ ማለትም ሠራተኞች በወኪላቸው በኩል ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪ ጋር የሚያደርጉትን ውይይት፣ የሚደግፍ መርሐ ግብር አጸደቀ። ይሁን እንጂ ታፍት-ሃርትሊ የተባለው ሕግ በማግሥቱ ዓመት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችን ከፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ ግዴታ ነጻ በማውጣቱ፣ እነዚህ አሠሪዎች በፌዴራል ሕግ ለመደራደር የሚገደዱበት መንገድ ተዘጋ። ይህ ነጻነት የተሻረው በ1974 ሲሆን፣ የተሃድሶ ነርሶች የራሳቸውን የሙያ ማኅበር ያቋቋሙትም በዚያው ዓመት ነበር።

የገንዘቡ ምንጭም እንዲሁ ተለዋወጠ። በ1965 የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ሲመሠረት ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ባወጡት ወጪ ልክ ነበር፤ በ1983 ግን አጠቃላይ ሆስፒታሎች በበሽታው ዓይነት አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ እንዲከፈላቸው ተደረገ። የተሃድሶ ሆስፒታሎችና ክፍሎች ከዚህ አሠራር ውጭ ስለተተዉ በብዛት ተስፋፉ፤ ለሠለጠነ ነርስ የነበረው ፍላጎትም አብሮ ጨመረ። ከጥር 2002 ጀምሮ ለእነርሱም ክፍያው በአንድ ሕመምተኛ ቆይታ አስቀድሞ የተወሰነ ሲሆን፣ የነርሷ ድካም በዚሁ ጥቅል ውስጥ ተካትቶ ለብቻው የማይጠየቅ ወጪ ሆነ። በዚህ ስሌት ደመወዝ ሲጨምር ገቢው አብሮ ስለማይጨምር፣ አስተዳደሩ የነርሶችን ቁጥርና ክፍያ ለመገደብ ምክንያት አለው።

በ1984 የጀመረው የተሃድሶ ነርሶች የምስክር ወረቀት ፈተና የሙያውን ክብር ከፍ ቢያደርግም፣ ለምስክር ወረቀቱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አለመክፈል ለየአሠሪው የተተወ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም ተሃድሶ ነርሶችን ከሌሎች የተመዘገቡ ነርሶች ለይቶ አይቆጥርም፤ በግንቦት 2023 የሁሉም መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ፣ ማለትም ግማሾቹ ከእርሱ በላይ ግማሾቹ ከእርሱ በታች የሚያገኙት መጠን፣ 86,070 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት አማካዩ በካሊፎርኒያ ከ137,000 ዶላር በላይ፣ በደቡብ ዳኮታ ደግሞ ከ70,000 ዶላር በታች ነበር። ለዚህ ልዩነት የኑሮ ውድነት፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጥንካሬና የነርስ እጥረት ድርሻ ሲኖራቸው፣ የአገልግሎት ዘመን እንዲሁም የሌሊትና የሰንበት ፈረቃ ጭማሪ ደግሞ የእያንዳንዷን ገቢ ያለያያሉ። የእነዚህ ሁሉ ድምር እንደሚያሳየው፣ የሙያው ዕውቀት ለደመወዝ ጥያቄው መሠረት ይሆናል እንጂ፣ የመደራደር ኃይልና ለአልጋው የሚከፈለው ገንዘብ ካልታከሉበት በራሱ ጭማሪን አያስገኝም።