የግራኞቹ ክርክር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቦክስ ወዳድ በተሰበሰበበት ሁሉ የማይበርድ አንድ ክርክር አለ፤ ከግራኞቹ ማን ይበልጣል የሚል። እኔም ፍርድ አለኝ፤ ግን ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ቀኝ ቦክሰኛ ግራ እግሩን ያስቀድማል፣ በግራ እጁ ርቀት ይለካል፣ ኃይለኛውን ቀኙን ከኋላ ያቆየዋል። ግራኙ ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ሁለቱ ሲገናኙ የፊት እግሮቻቸው ይጋጫሉ፣ እግሩን ከባላጋራው እግር ውጭ ቀድሞ የተከለም ቡጢው ቀጥ ብሎ የሚገባበትን መንገድ ያገኛል፤ ያልለመደው ደግሞ አመለጥኩ ሲል ሄዶ የግራኙ ግራ እጅ ላይ ይወድቃል። ታዲያ ማን ደፍሮ ይግጠመው? ስለዚህ የድሮ አሠልጣኝ ግራኝ ልጅ ሲመጣለት፣ እናቶቻችን «በቀኝህ ብላ» እንደሚሉት፣ አዙሮ በቀኝ ያቆመው ነበር። ኦስካር ዴ ላ ሆያ ግራኝ ሆኖ ሳለ የተዋጋው በቀኝ አቋም ነው። በከባድ ሚዛንም ማይክል ሙረር በ1994 ኢቫንደር ሆሊፊልድን በነጥብ እስኪረታ ድረስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ግራኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ማርቪን ሃግለር እንምጣ። የተወለደው ኒው ጀርሲ፣ ኒውአርክ ነው፤ በ1967 ከተማዋ በረብሻ ከነደደች በኋላ ቤተሰቡ ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ብሮክተን ሄደ፣ እሱም እዚያ ከፔትሮኔሊ ወንድማማቾች እጅ ገባና ቦክስ ተማረ፣ በ1973ም እንጀራው አደረገው። ከዚያ አሸነፈ፣ ደግሞ አሸነፈ፣ ለቀበቶ የሚያጋጥመው ግን ጠፋ። ጆ ፍሬዘር ሦስት ነገር ጠላት ሆኖብሃል፣ ጥቁርነትህ፣ ግራኝነትህና ጎበዝነትህ ብሎ እንደነገረው ይወራል። በ1979 እንደምንም ዕድሉ መጣና ከቪቶ አንቱፈርሞ ጋር 15 ዙር ተፋለመ፤ ዳኞቹ አቻ ናችሁ አሉ፣ ቀበቶውም ከባለቤቱ ጋር ቀረ።

ሃግለር ምን አደረገ? ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ኬፕ ኮድ ጫፍ ላይ ፕሮቪንስታውን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ በጋውን የመዝናኛ ሰው ይሞላታል፣ ክረምት ሲገባ ግን ሰው ይሸሻታል፣ የአትላንቲክ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። እሱ ደግሞ የወታደር ቦት ጫማውን አጥልቆ በዚያ ብርድ ይሮጥ ነበር፤ ቦታውን ራሱ እስር ቤት ይለው ነበር።

ከዚያም መስከረም 1980 ለንደን፣ ዌምብሌይ ገባ፤ የገጠመው፣ ያኔ ቀበቶው በእጁ የነበረው አለን ሚንተርም ግራኝ ነበር። በሦስተኛው ዙር የሚንተር ፊት ተተልትሎ ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ፣ ሃግለርም ተንበረከከ፤ ወዲያው የቢራ ጠርሙስ መዝነብ ጀመረ፣ አሠልጣኞቹም ላዩ ላይ ተደፍተው በገላቸው ሸፈኑት፣ በፖሊስ ታጅቦም ወጣ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀውን ቀበቶ እዚያ መድረክ ላይ እንኳ ሳይታጠቅ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ 12 ጊዜ አስጠበቀው። በ1985 ቶሚ ኸርንስን ሲገጥም ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርድ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ሐኪም ቁስሉን አይቶ ቀጥል አለው፣ እሱም ተንደርድሮ ሄዶ ኸርንስን በዝረራ ጣለው፤ ያውም በቀኝ እጁ!

ሌሎቹንም እንዳልበድላቸው። የኖርፎክ፣ ቨርጂኒያው ፐርኔል ዊታከር ጎንበስ ብሎ ከጉልበት በታች ሊወርድ ምንም አይቀረው፣ ቡጢው በላዩ ያልፋል፣ እሱ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። በ1993 ሳን አንቶኒዮ ላይ፣ በ87 ፍልሚያ ያልተረታውን ሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝን እንዲያ ሲያደክመው አመሸ፤ ሁለት ዳኞች ግን አቻ አሉ፣ ያየ ሰው ሁሉ እስከዛሬ ያዝናል። ማኒ ፓኪያዎ ደግሞ ከደቡብ ፊሊፒንስ ድህነት በልጅነቱ ወደ ማኒላ ኮበለለ፣ በ8 የክብደት ምድብም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2008 ያንን በቀኝ የቆመ ግራኝ፣ ዴ ላ ሆያን፣ በግራው እየደበደበ ለዘጠነኛው ዙር እንዳይነሳ አደረገው።

ወደ ሃግለር ስንመለስ፣ በ1987 ከሬይ ሌናርድ ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በቀኝ አቋም ጀመረ፤ ግራኝነቱን አስቀምጦ ማለት ነው። እነዚያን ዙሮች ሌናርድ ወሰዳቸው፣ የዳኞቹም ድምፅ 2 ለ 1 ተከፍሎ ሃግለር ተሸነፈ፣ ዳግመኛም ጓንት ሳያጠልቅ ወደ ጣሊያን ሄዶ ኖረ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በጥበብ ዊታከር፣ በተጓዘው መንገድ ፓኪያዎ ይበልጡታል፤ ማንም ሊገጥመው ሳይፈልግ ጠብቆ፣ ቀበቶውን ወስዶ፣ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የያዘው ግን ሃግለር ነው፤ አንደኛውም እሱ ነው። ለዊታከር የሚሟገት ካለ የሳን አንቶኒዮን ምሽት ይዞ ይምጣ፤ ሌላ ማስረጃ አይረታኝም።