ከቋራ እስከ መተማ ድልድይ፤ የአዋጅና የአራስ ጎጆ ዜና

የመተማን ነገር ከጦርነቱ የሚጀምር ብዙ ነው። እኔ ግን ከርስት እጀምራለሁ፤ በዚህ አገር ሃይማኖት ሕግ ሆኖ የሰውን ጓዳ የገባው በመሬት በኩል ነውና።

ዐፄ ይስሐቅ ከ1406 እስከ 1422 ዓ.ም. ነገሡ። ቤተ እስራኤልንም ወግተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ ክርስትና ለተነሣ የአባቱ ርስት እንዲጸናለት፣ እንቢ ያለ ግን ከርስቱ እንዲነቀል አዘዙ ተብሎ ይነገራል። ከርስቱ የተነቀለውም ሰው በሰው መሬት ተቀመጠ። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቲቱ ሸክላ ሠራች። በሠራው ማረሻ የሚያርሰው ጎረቤቱም መልሶ ቡዳ አለው። በደምቢያ፣ በወገራና በቋራ ቆላ ብዙ መቶ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የነዚህ ሰዎች ሕግ ኦሪት ነበር። ሴት አበባዋን ባየች ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወዳለችው የመርገም ጎጆ ሄዳ ሰባት ቀን ትቀመጣለች፤ በዙሪያው ድንጋይ ተደርድሯል፣ ምግቧም ከድንጋዩ ማዶ ይቀመጥላታል። ስትወልድ ደግሞ የአራስ ጎጆ አላት፤ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። ክርስቲያኗ ጎረቤቷም ልጇን ክርስትና የምታስነሣው ያንኑ 40ና 80 ቆጥራ ነው። በርስት የተለያዩት ሁለቱ ሴቶች በአራስ ቤት አንድ ቍጥር ይቈጥሩ ነበር። ይህን ልብ ያለ ንጉሥ እስካሁን በዜና መዋዕል አላገኘሁም።

ከዚያው ከቋራም ካሣ ኃይሉ ተነሡ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የቀረውን የካህናት መሬት ለገበሬ ሊሰጡ ወሰኑ። ካህናቱም ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ የቀቧቸው አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. በእስር አረፉ። በንጉሡ ዘመን፣ በ1854 ዓ.ም.፣ አባ መሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር አስጀመሩ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ከአክሱም አገር አላለፉም፤ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው፣ የቀረውም ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ነገሡ። ስለእኒህ ንጉሥ ስጽፍ እጄ ይከብዳል። እምነታቸው የልብ ነበር፤ ላገራቸው ዳር ድንበር አንገታቸውን ሰጥተዋል። ነገር ግን በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተቀመጡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። የጸጋ ልጆች የሚባሉትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ተከራክረው ተዋሕዶ ረታ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አዋጁ ግን ወደ ሕዝቡ ወረደ፦ በትምህርት የተለዩ ክርስቲያኖች በሁለት ዓመት፣ እስላሞች በሦስት ዓመት፣ አረመኔ የተባሉት በአምስት ዓመት ወደ ተዋሕዶ ይግቡ ተባለ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ክርስትና አባት ሆነውላቸው፣ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሹም ሁሉ እንደ ራስ ሚካኤል አልሆነም። የአርጎባው ሼህ ጠልሃ ተቃውሞውን መሩ። ብዙው ሕዝብ ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት ይሰግድ ጀመር። ሌላው ልጆቹን አዝሎ ወደ ምዕራብ ወረደ።

የወረደውም ወደ መተማ ነው። መተማ ያን ጊዜ የተክሩሮች ከተማ ነበረች፤ ተክሩር ማለት ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በዚህ ቆላ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ቡናውም፣ ሰሙም፣ ከሁሉም የሚያሳዝነው ባሪያውም በገበያዋ ይሸጥ ነበር። በሱዳን መሐዲ ተነሥቶ ተከታዮቹ ደርቡሾች ሲበረቱ፣ ከወሎ የሸሹት እስላሞች ጥቂት የማይባሉት ከነርሱ ጋር ተሰለፉ። አገሩን የሚያውቅ፣ በንጉሡም የተከፋ ሰው ለጠላት ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ። እኔ ግን የቦሩ ሜዳ አዋጅና የመተማ ጦርነት እናትና ልጅ ናቸው እላለሁ።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝ ጋር በዓድዋ ተዋዋሉ፤ በደርቡሽ የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ረዱ። ደርቡሽም ቂም ያዘ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሹን አሚር ገደሉ። በዓመቱ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ የደርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ መጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውኃ ድል አደረገ፤ ጎንደርም ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ማረከ። የደምቢያ ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኑ ጋር አብረው ተዘረፉ። እሳቱ ማተብ አልመረጠም።

በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። አውሮፓውያን የሁለታችንም ጠላቶች ናቸው፣ እኛ እርስ በርሳችን ባንዋጋ ይሻላል የሚል ነበር። የመጣው መልስ ግን ይስለሙ የሚል ነበር። አስቀድሞ በቦሩ ሜዳ የተባለው ቃል፣ አፉና ቋንቋው ተለውጦ፣ ተመልሶ ወደ ንጉሡ መጣ። ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ሆነ። አቡ አንጃ ሞቶ ዘኪ ተማል ተተክቶ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት የእሾሁን አጥር ጥሶ ገብቶ ድሉን በእጁ ጨብጦ ሳለ ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ፣ በማግሥቱም አረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ። ደርቡሽ አሳድዶ አስከሬኑን አገኘ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ከተማይቱ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ዐፄ ምኒልክ ሲነግሡ በወሎ ሰው ወደ አባቱ ሃይማኖት ቢመለስ አልከለከሉም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ወሰን ሲዋዋሉ ከተማይቱ ለሁለት ተከፈለች፦ ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ፤ በመካከል በጋ የሚደርቅ ፈፋ አለ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍቱም ካህናቱ ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይለውጣሉ ብለው ሰጉ። ንጉሡም አቡነ ማቴዎስን ለማስደሰት መምህራኑን ከግብጽ፣ ከቅብጦች አስመጡ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1936 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሩ ሚሲዮን ሊሰብክበት የሚችልና የማይችል ተብሎ ተከፈለ። በዚያው ዓመት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ሕግ ጸና። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ተዋሕዶ የመንግሥት ሃይማኖት ተባለች። በመንግሥት ትምህርት ቤት የግብረ ገብ ትምህርት ሲሰጥ የእስላሙም የቤተ እስራኤሉም ልጅ እኩል ቁጭ ብሎ የሌላውን ሃይማኖት ይሰማ ነበር።

ደርግ ሃይማኖትን ከመንግሥት ለየሁ አለ፤ በጎንደር ግን በ1973 ዓ.ም. ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋመው ኦርት የተባለ ድርጅት ተባረረ። አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በእስራኤል ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእስራኤል መንግሥትም ተቀበለው። ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ በሱዳን በኩል የከፈቱት መምህሩ ፈረደ አክሉም ናቸው። ሰዉም በሌሊት ተነሣ። አባ መሐሪ ወደ ሰሜን ሄደው ነበር፤ እነዚህ ወደ ምዕራብ፣ በአርማጭሆና በመተማ ቆላ ወረዱ። ነፍሰ ጡርም፣ አራስም ነበረች። በገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባና በተዋዋ ሰፈሩ፤ ማንነታቸውን ደበቁ፤ ጎጆ ሠርቶ ሴትን መለየት አልተቻለም፤ በርኩሰት ኖርን ብለው ያለቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። በመንገድና በሰፈር የሞቱት ወደ 4,000 ይደርሳሉ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ። የቋራዎቹ ግን ሩቅ ነበሩና የብዙዎቹ ተራ የደረሰው በ1991 ዓ.ም. ነው።

በደረሱበትም አገር ሦስት ነገር ጠበቃቸው።

አንደኛው የጋብቻ ሕግ ነው። በእስራኤል አይሁዳዊ የሚያገባው በረቢዎች እጅ ነው። ረቢዎቹም ተጠራጠሩ፤ ወንዱ ለምልክት አንዲት የደም ጠብታ ያፍስስ፣ ወንድም ሴትም ውኃ ይጥለቅ አሉ። ስለ ኦሪት ርስቱን ያጣ ሕዝብ ኦሪትህ አጠራጣሪ ነው ተባለ! በ1978 ዓ.ም. መባቻ በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ መሥሪያ ቤት ፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ጮኹ። በኋላ የነታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚያ ሥርዓት ያጋቡ ጀመር። በአገራቸው ያጋቡ የነበሩ የቤተ እስራኤል ቄሶች ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ በመንግሥት ውሳኔ ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ከወጣቶቹም አብዛኞቹ አዳሪ ሆኑ። አባትየው የሚያውቀው ኦሪት በግእዝ የተጻፈ ነው፤ ልጁ ከሌላ ኦሪት ጋር ወደ ቤቱ ተመለሰ። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ደግሞ በፔታህ ቲክቫ ከተማ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የነዚህኑ ሰዎች ልጆች አንቀበልም አሉ፤ ነገሩ አገር አናወጠ።

ሦስተኛው ስለ ማሕፀን ነው። በ2005 ዓ.ም. ጋል ጋባይ የምትባል ጋዜጠኛ በእስራኤል ቴሌቪዥን አንድ ነገር አሰማች፦ ወደ እስራኤል ለመሄድ በጎንደር ተራ ሲጠብቁ የነበሩ እናቶች የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እንድንወጋ ተገፋፋን፣ ብዙ የወለደ በእስራኤል ይቸገራል ተባልን አሉ። በጥር ወር የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ ሴቲቱ መርፌው ምን እንደሆነ ካልገባት አይታደስ ብሎ ለሐኪሞች ጻፈ። በ2008 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ተቆጣጣሪ ተገድደው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ያን መርፌ በአማራ አገር ብዙ ሴት ወድዳ ትወጋዋለች፤ እኔም አልነቅፈውም። የምጠይቀው አንድ ነው፤ ከአራስ ጎጆ ወጥታ ከሐኪም ፊት የተቀመጠችውን እናት በቋንቋዋ ማን ጠየቃት?

ወደ መተማም እንመለስ። በ1949ኙ የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው በሌላ መንገድ ሊርቅ የማይችል ከባድ አደጋ ነፍሰ ጡሯን ሲያሰጋት፣ ያውም ሁለተኛ ሐኪም ሲስማማበት ነበር። ሕጉ ሲሻሻል ቤተ ክርስቲያን ተቃወመች፤ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎችና የማሕፀን ሐኪሞች ማኅበራት ደግሞ ሴቶች በየጓዳው እየሞቱ ነው ብለው ተሟገቱ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ አንቀጽ 551 ተደፍራ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ የሚያሰጋ፣ ለማሳደግ ያልደረሰች ልጅ ተፈቀደላት፤ ተደፍሬያለሁ ላለችም ቃሏ በቂ ሆነ። የንስሐ አባት ግን ዛሬም ኃጢአት ነው ይላል። በዚህ ቆላ ሴት ከሐኪም አስቀድማ የምታማክረው የንስሐ አባቷን ወይም ሼሁን ነው። ቄሱ ልጃችሁን ያለ ዕድሜዋ አትዳሩ ሲል የሚሰማውን ያህል ዳኛ ሲል አይሰማም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፈፋው ማዶ ሌላ ሕግ አለ። በ1983 ዓ.ም. በሸሪዓ የተሠራው የሱዳን ወንጀል ሕግ የተደፈረችን ሴት ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቅደው 90 ቀን ሳያልፍ ነው። በ2006 ዓ.ም. በካርቱም ተደፍራ የነበረች አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ኢትዮጵያዊት፣ እርሷው ተከሳሽ ሆና በነውር ድርጊት ተፈረደባት።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ሕዝቡም በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፈ፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኛ ሰፈሮች ሰፈረ፤ ብዙ ሳይቆይ በአማራ አገርም ጦርነት ተነሣበት። የወሎ እስላሞች ከቦሩ ሜዳ አዋጅ በሸሹበት መንገድ፣ ቤተ እስራኤል በሌሊት በወረዱበት መንገድ፣ አሁን ሱዳናዊቷ ወደ ላይ መጣች። ከመጡትም መካከል በዚያ ጦርነት የተደፈረች ካለች፣ ድልድዩን ስትሻገር የ90 ቀኑ ቈጠራ በስተኋላዋ ይቀራል፤ በዚህ ማዶ ቃሏ ይበቃታል። አስተርጓሚ ካገኘች።