የቀደመ ትምህርት ዕውቅና (በቴክኒክና ሙያ)

የቀደመ ትምህርት ዕውቅና ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ ወይም በቤተሰብ ማሳ ያዳበረው የሙያ ችሎታ ተመዝኖ ኮሌጅ ሲገባ እንደ ተማረው የሚቆጠርበት አሠራር ነው። በአሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ የተገኘው የሙያ ችሎታ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች በሚገቡት ስምምነት መሠረት በኮሌጅ ክሬዲት ይያዛል፤ በኢትዮጵያ የሙያ ሥልጠና ግን ዋናው መለኪያ ብቃት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሥልጠና ደረጃ «የብቃት አሃድ» በሚባሉ፣ ለየብቻቸው በሚመዘኑ ክፍሎች ይዋቀራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከአጠቃላይ ትምህርት ጎን ለጎን በተለየ መስመር አስቀምጦት ነበር፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርቶችን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል በማስገባቱ የዕውቅናው ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

ለምሳሌ በሰሜን ወሎ፣ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው መርሳ የግብርና ኮሌጅ፣ በወልዲያም ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይገኛሉ። የማንጎ ችግኝ ማዳቀልን በትምህርት ቤት ተምሮ በመዛኝ ፊት በእጁ ሠርቶ ያሳየ የሀብሩ ወጣት ያንኑ ትምህርት ኮሌጅ ገብቶ እንደ አዲስ እንዲጀምር ማድረግ የቤተሰቡን ገንዘብና የራሱን ጊዜ የሚያባክን በመሆኑ፣ ዕውቅናው የፍትሕ ጉዳይም ነው።